የጣና ዳር ክሬኖች ሃያ እስኪቀሩ አንጠብቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጣና ሐይቅ በምታወጧቸው ጽሑፎች እምቦጭና የዓሣው ማነስ ተደጋግመው መነሣታቸው ተገቢ ነው። ክሬን ስለሚባሉት፣ በሐይቁ ዳር ጨፌ ስለሚኖሩት ባለ ረጅም እግር ትልልቅ ወፎች ግን የሚናገር ብዙም ስለማላይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ያደግሁት ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ወርቃማ ዘውድ የደፉት ጥቁር ክሬኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲጨፍሩ ከብት እየጠበቅሁ አይ ነበርና ስለ እነርሱ ስጽፍ እንደ ሩቅ ተመልካች ልሆን አልችልም።

በዓለም ላይ ካሉት 15 የክሬን ዝርያዎች አብዛኞቹ ሕልውናቸው አስጊ ደረጃ ላይ ነው። በአገራችን ከሚታዩት አራቱ ሁለቱ የበጋ እንግዶች ሲሆኑ፣ እዚሁ የሚፈለፍሉት ሌሎቹ ሁለቱ፣ ማለትም ጥቁሩ ባለ ዘውድና ከመንጋጋው ሥር ሁለት የሥጋ እንጥልጥል ያለው ትልቁ ክሬን፣ ለመጥፋት ከተጋለጡት ውስጥ ተመዝግበዋል። ባለ እንጥልጥሉ በባሌ ተራሮችና በሌሎች ደጋማ ጨፌዎች የሚኖር፣ በደቡባዊ አፍሪካ ካሉት ዘመዶቹ የተቆረጠና ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች የማያልፍ ነው። ሁለት እንቁላል ብትጥል እንኳ የምታሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ በመሆኑ፣ የጎጆዋ ጨፌ በአንድ ክረምት ቢንጣፈፍ ወይም በከብት ቢረገጥ የዓመቱ ድካሟ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ዘግይቶ መንቃት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማወቅ የሰሜን አሜሪካውን ነጭ ክሬን መመልከት ይበቃል። ረግረጉ እየታረሰ፣ ወፉም እየታደነ እ.ኤ.አ. በ1941 የቀሩት ሃያ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥረት እጅግ ያስደንቃል። ባለሙያዎች ከካናዳ ጎጆዎች ትርፉን እንቁላል እየወሰዱ ፈለፈሉ፤ ጫጩቶቹ ሰውን እናታቸው አድርገው እንዳይለምዱ አሳዳጊዎቹ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ የክሬን ራስ የሚመስል አሻንጉሊት በእጃቸው አጥልቀው መገቧቸው፤ ከ2001 ጀምሮም በትንሽ አውሮፕላን እየመሩ ከዊስኮንሲን እስከ ፍሎሪዳ ያለውን የስደት መንገድ አስተማሯቸው። በካናዳና በቴክሳስ ጠረፍ መካከል የሚመላለሰው የዱር መንጋ ዛሬ ከ500 በላይ ሆኗል። ይህ ግን የሰማንያ ዓመት ልፋትና የሀብታም አገሮች ገንዘብ ውጤት ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አቅም የለም።

ለእኛ የሚቀርበው የሩዋንዳ መንገድ ነው። በዚያ አገር ግራጫው ባለ ዘውድ ክሬን ከጨፌ እየተያዘ፣ ክንፉ እየተቆረጠ የሆቴልና የመኖሪያ ግቢ ማስዋቢያ ሆኖ ነበር። ኦሊቪዬ ንሰንጊማና የተባለው የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 በጀመረው ሥራ ወፍ ያላቸው ሰዎች ሳይቀጡ እንዲያስረክቡ ተደረገ፤ ዳግም መብረር የሚችሉት ወደ ዱር ሲመለሱ፣ የማይችሉት ኪጋሊ ውስጥ ኡሙሳምቢ መንደር በተባለው ስፍራ ተጠለሉ። የጨፌዎቹ ጥበቃም ለአካባቢው ነዋሪዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ500 በታች የነበረው የዱር ወፎች ቁጥር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ1,000 አለፈ። እኔን የሚያጽናናኝ ይህ ነው፤ ሥራው ወፎቹ ገና ሳያልቁ በመጀመሩ ውጤቱ አንድ ትውልድ እንኳ አልፈጀም።

በጣና ዙሪያ ለባሕር ሸሽ እርሻና ለሩዝ ሲባል ጨፌው ከዓመት ዓመት ይጠባል። ገበሬውን መውቀሴ አይደለም፤ መሬት ያነሰው ሰው ውሃው የለቀቀውን ሁሉ ቢያርስ አይፈረድበትም። ሆኖም ሐይቁና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧልና፣ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ክሬኖች የሚፈለፍሉባቸውን ጨፌዎች ከየቀበሌው ነዋሪ ጋር ለይተው፣ ቢያንስ በክረምት ወራት ከብት እንዳይገባባቸውና ቦይ እንዳይቀደድባቸው ይስማሙ፤ ለጠባቂዎቹም ከዚያው መንደር ለተመረጡ ወጣቶች ደመወዝ ይመደብ። ቆጠራውም በየዓመቱ ተካሂዶ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር።

ጋዜጣችሁም በኅዳር ወይም በታኅሣሥ አንድ ዘጋቢ ወደ ሐይቁ ዳር እንዲልክ እለምናለሁ። በእነዚያ ወራት ከሰሜን የመጡት ግራጫ ክሬኖች ቀኑን በታጨደው ማሳ ላይ ሲለቅሙ ውለው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሺዎች እየጮኹ ወደ ውሃው ዳር ሲመለሱ ያገኛቸዋል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር