ፓስዎርዱ እናንተ ጋ ስለቀረው ስዊች

ለድምፅ መሣሪያ አቅራቢው ድርጅት
የገጠማና ጥገና ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የገጠማችሁልን ማኔጅድ ስዊች (ሴቲንጉ የሚቀየር የኔትወርክ ማከፋፈያ) እንዲስተካከልና ፓስዎርዱ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ? ስታዲየም አካባቢ ባለው የሙዚቃ አዳራሽ ድምፅ የምቆጣጠረው ሰው ነኝ። በስልክ ብዙ ስለተጨቃጨቅን አታጡኝም። ስደውል ሁልጊዜ "እሺ፣ ነገ" ስለምትሉኝ በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ነው።

ስድስት የግል ሞኒተር ሚክሰር (ተጫዋቹ በጆሮው የሚሰማውን የሚያስተካክልበት) ከአንድ ማኔጅድ ስዊች ጋር ገጠማችሁልን። ድምፁ ከዋናው ሚክሰር በዳንቴ፣ ድምፅን በኔትወርክ በሚያስተላልፈው ሥርዓት፣ ወጥቶ በኔትወርክ ኬብል ይሄዳል። እያንዳንዱ ተጫዋች አጠገቡ ባለችው ትንሽ ሚክሰር ለጆሮው የሚፈልገውን ይመጥናል። ቤዝ ተጫዋቹ ድራሙን ከፍ ያደርጋል፣ ድምፃዊቷ የራሷን ድምፅ። እኔም ዘፈን መሀል "ጨምርልኝ" ከሚል የእጅ ምልክት ተገላገልኩ። ለአንድ ምሽት።

በሁለተኛው ምሽት ኢር ፎኑ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ጀመር። ከዚያ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋና ይመለሳል። ታዳሚው አይሰማውም፤ የአዳራሹ ስፒከር በሌላ መስመር ነው። መድረክ ላይ ግን ማሲንቆ ተጫዋቹ አንዱን ጆሮ ነቅሎ ትከሻው ላይ አንጠለጠለው። ድምፃዊቷ ሁለቱንም ነቀለች። ዞራ ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ደወልን። "ኬብላችሁ ነው" አላችሁ። ኬብል ገዛን፣ ያውም ከእናንተው። ጠቅታው አልቆመም። ቀጥሎ "ስዊቹ አቅም አንሶት ነው፣ ከፍ ያለ ግዙ" መጣ። እዚህ ላይ እስክሪብቶ አነሳሁ። 16 ቻናል በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ሲሰላ በሰከንድ 18.4 ሜጋቢት ገደማ ነው። ለስድስቱም ሚክሰር ብታባዙት፣ ኔትወርኩ የሚጨምረውን ብትጨምሩበት እንኳ 1,000 ሜጋቢት ለሚያሳልፍ ፖርት ምኑም አይደለም። መንገዱ አልጠበበም። የተበላሸው ሰዓቱ ነው። ዳንቴ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ በአንድ ሰዓት ነው የሚራመደው፤ የሰዓቱ መልእክት ሲዘባረቅ ድምፁ ይቆረጣል።

ይህን ያገኘው የራሳችሁ ልጅ ነው፣ እጁ ይባረክ። ላፕቶፑን ሰክቶ የስዊቹን ኃይል ቆጣቢ ሴቲንግ አጠፋው። ለካ ፖርቱ ላይ ለአፍታ ዝም ሲል ስዊቹ ያሸልብ ኖሯል። ለቢሮ ኮምፒውተር ደግ ነገር ነው። ለድምፅ ግን ዘበኛ እንቅልፍ እንደወሰደው ግቢ ነው፤ በሩ እስኪከፈት እንግዳው ያረፍዳል። ከዚያ ቅድሚያ አሰጣጡን ነካ፤ ዳንቴ ለሰዓቱ 56፣ ለድምፁ 46 ብሎ የሚለጥፈውን የቅድሚያ ምልክት ስዊቹ እንዲያከብር አደረገው። ከኋላው ቆሜ አይቻለሁ። ያን ምሽት አንድም ጠቅታ አልተሰማም።

ቅዳሜ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ስዊቹ ተነሳ፣ ጠቅታውም አብሮ ተነሳ። ልጁ ሴቭ ሳያደርገው ነው የሄደው። እንዲህ ባለው ስዊች ላይ የቀየሩት ነገር ወዲያው ይሠራል፤ ሴቭ ካልተደረገ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት እንደሚሄድ ደግሞ ለእናንተ አልነግርም።

የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ ራሴ እሠራው ነበር። ፓስዎርዱ ግን ልጁ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ክፍለ ሀገር ወጥቷል ተባልኩ። ሪሴት ላድርገው ስል "ከነካችሁት ዋስትናው ይቀራል" አላችሁ። ማኔጅድ ስዊች ገዝተን፣ ከተራው በላይ ከፍለን፣ እንዳንነካው ተከለከልን ማለት ነው። ይሄ ነገር ለእናንተስ ይገባችኋል?

እስከ ሐሙስ ሰው ላኩልን። ሴቲንጉን አስተካክሎ ሴቭ ያድርግ። ከዚያ ስዊቹን ከሶኬት ነቅለን መልሰን እንሰካለን፤ ሴቲንጉ በቦታው ከተገኘ ያኔ ይሂድ። ፓስዎርዱን በወረቀት ጽፎ ይስጠን። የኬብሉንም ገንዘብ መልሱልን፤ የድሮዎቹ እንከን እንደሌለባቸው ታይቷል፣ አዲሶቹን ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) መግዛት የእኛ ዕዳ ነው፣ እሱን እንገዛለን።

ዓርብ ባንዱ ይጫወታል። እስከዚያ አሮጌዎቹን የወለል ሞኒተር ስፒከሮች ከመጋዘን አውጥቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአዳራሹ ድምፅ ተቆጣጣሪ

ግልባጭ፦ ለአዳራሹ ባለቤት