ዝናቡን አይክሰሱ፤ አፈሩን ያስለኩ

በጅማ አካባቢ የማዕድን ቦታዎችን ለሚቆጣጠሩት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የድንጋይ ከሰል በወጣበት ቦታ የተተከሉት ችግኞች መድረቃቸውን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተናል። ሁለቱ ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። ሦስተኛው «የአሲድ ዝናብ ነው፤ ከአቅማችን በላይ ነው» ተብሎ ተዘጋ። ዘንድሮም እዚያው አፈር ላይ ሊተከል ስለሆነ ዝም አንልም።

ንጹሕ ዝናብም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.6 ገደማ ነው፤ የአሲድ ዝናብ የሚባለው ከዚያ የወረደው ነው። ለም አፈር በካልሲየሙ፣ በማግኒዥየሙና በብስባሹ አሲዱን ለጊዜው ያበርደዋል። ቁፋሮ የላይኛውን አፈር ሲገፍ ይህ መከላከያ አብሮ ይሄዳል። ከሥር የወጣው ድንጋይ ፒራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ካለበት ደግሞ አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። ዝናቡ ያንን አጥቦ ቁልቁል ያወርደዋል፤ ምንጩ ግን ተቆፍሮ የወጣው ድንጋይ ክምር ነው።

ፒኤቹ ከ5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟል። የሥሩ ጫፍ ይወፍራል፣ ያጥራል፣ ይጠቁራል፤ ቀጫጭን ሥር አያወጣም። ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ስለሚተሳሰር ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ቢጨመርም ተክሉ ብዙም አያገኘውም። የደረቀውን ችግኝ ያስነቅሉና ሥሩን ይዩ።

ምርመራው ቀላል ነው። 10 ግራም አፈር በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ተበጥብጦ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይለካል፤ መለኪያው አስቀድሞ በፒኤች 4 እና 7 መፍትሔ ይስተካከላል። በሌላ ናሙና ላይ 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመራል፣ በጓንትና በመነጽር። አረፋ ደፍቆ ፒኤቹ ከ3 በታች ከወረደ ገና ያልወጣ አሲድ አለ ማለት ነው፤ ውጤቱ በቤተ ሙከራ ይረጋገጥ።

ሪፖርታችሁ አሲዱን ለማብረድ በየችግኙ ጉድጓድ አንድ እፍኝ ኖራ መጨመሩን ይናገራል። ሒሳቡን እንሥራ። 1 በመቶ የፒራይት ሰልፈር ያለበት 1,000 ቶን አፈር 31.25 ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይፈልጋል። 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ሔክታር 2,600 ቶን ያህል ስለሚመዝን 81 ቶን ያህል ይጠይቃል። እፍኙ አንድ ክረምትም አያሻግርም፤ ሥሩ ከጉድጓዱ ሲወጣ አሲዱ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ከክምሩ በታች ያሉት ገበሬዎች ነገር ነው። ቦዩ ውስጥ ብርቱካንማ የብረት ዝቃጭ እየወረደ የቡና ችግኝ መደባቸው እየጠፋ፣ ካሳም ማብራሪያም አላገኙም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሪፖርቱ የተተከለውን ይቆጥራል፤ የጸደቀውን የቆጠረ የለም።

የአፈሩ ውጤት በቀበሌው ሰሌዳ ሳይለጠፍ አንድም ችግኝ አይተከል። ክምሩ በሸክላ አፈርና ተለይቶ በተቀመጠ ለም አፈር ይሸፈን፤ የዝናቡ ውሃ ክምሩን ሳይነካ በቦይ ይዙር። ይህ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ይሠራ።