ከመጫናችን በፊት «ዲፔንድስ» የሚለውን እንይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የኮምፒውተር አምዳችሁ ለጀማሪ «ይህን ትእዛዝ ጻፉ፣ ይጫናል» ብሎ ያልፋል። እኔም እንዲያ ነበር የጀመርኩት። አንዲት ፎቶ ማሳነሻ ልጭን ብዬ 43 ጥቅል (አብሮ የሚጫን ሶፍትዌር) ተከትሏት መጣ። ዲስኬ ሞልቶ መሃል ላይ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ስጠግን አደርኩ።

ለካ ቀድሞ ማየት ይቻላል! ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ላይ «አፕት ሾው» ብሎ የጥቅሉን ስም ማስከተል ነው (በላቲን ፊደል apt show መሆኑ ነው እንግዲህ)። «ዲፔንድስ» (Depends) የሚለው መስመር ጥቅሉ በማን ላይ እንደተደገፈ ይዘረዝራል። መጫኛው «አፕት ኢንስቶል» (apt install) ላይ ሰረዝና ኤስ (-s) ሲጨመር ደግሞ ምንም ሳይጭን ሊጭን ያሰበውን ይነግራል።

በ2016 እ.ኤ.አ. «ሌፍት-ፓድ» የተባለች የ11 መስመር ኮድ ከኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከማቻ) ስትነሳ በእሷ ላይ የተደገፈ ስንቱ ፕሮጀክት አልሠራ አለ! በሚቀጥለው እትም ሰረዝና ኤሷን ብትጨምሩልንስ?

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ