እናቴን «አርጅተሻል» አትበሏት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፤ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ላይ ነው። የ61 ዓመቷ እናታችን ኩላሊቷን ልትሰጠው ቆርጣለች። ጎረቤቱ ግን «ያረጀ ኩላሊት ምን ይሠራለታል?» እያለ ልቧን ይሰብራል።

እርግጥ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት የማጣራት አቅሙ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የወጣት ኩላሊት ባብዛኛው ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። የተቀባዩም ዕድሜ ለውጥ ያመጣል፤ የወጣት ሰውነት የተተከለውን አጥብቆ ይዋጋል፣ አዛውንቱን ደግሞ ኢንፌክሽን ያሰጋዋል። ግን ዲያሊሲስ ላይ ዓመታት መቆየትስ? እሱም ልብን ይጎዳል።

በጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ባሉ ቤተሰቦች ልገሳ የቆመ ነው። እናቶችን በዕድሜ ብቻ ከመለስን ማን ይቀራል? ግፊቷ፣ ስኳሯ፣ ሽንቷ ይመርመር። ውሳኔው የሐኪም ይሁን፣ የጎረቤት አይሁን። እባካችሁ፣ ባለሙያዎችን ጠይቃችሁ በሰፊው ጻፉልን።

እህቱ፣ ከአዲስ አበባ