ፍላሜንኮ ለመጀመር ደህና የናይለን ጊታር ይበቃል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በወጣቶች ዓምዳችሁ አንድ የደሴ ልጅ «ፍላሜንኮ የሚባለውን የስፔን ሙዚቃ በጊታር መማር እፈልጋለሁ፤ ባለችኝ ትንሽ ብር የትኛውን ጊታር ልግዛ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እናንተም «ትክክለኛው የፍላሜንኮ ጊታር ውድ ስለሆነ ገንዘብ እስክታጠራቅም ታገስ» አላችሁት። መልሳችሁ አልተዋጠልኝም። እኔ አናጺ ነኝ። እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር በር፣ መስኮትና አልጋ እሠራለሁ። የተሰበረ ክራርና ጊታርም ወደኔ ይመጣል። ልጁ ዛሬውኑ ይጀምር እላለሁ።

የፍላሜንኮና የክላሲክ ጊታር ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ላይ የሚወጠረው የናይለን ክር ነው። የሁለቱም ቅርጽ የአልሜሪያው ሰው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካወጣው የመጣ ነው። የፍላሜንኮው ሆዱ ሳሳ፣ ክብደቱ ቀለል ይላል። ጀርባውና ጎኑ ብዙ ጊዜ ሳይፕረስ ነው። ሳይፕረስ ደግሞ እኛ ለማገር የምንቆርጠው የፈረንጅ ጽድ የቅርብ ዘመድ ነው! ከሮዝውድ የሚሠራም አለ፤ እንደ ፓኮ ዴ ሉሲያ ያሉ ስመ ጥር የፍላሜንኮ ጊታረኞች የተጫወቱበት። ለጀማሪ ግን በእንጨቱ ዓይነት መጨነቅ ብር ማባከን ነው።

ጀማሪ ልዩነቱን መጀመሪያ የሚያውቀው በጣቱ ነው። የፍላሜንኮ ክር ወደ አንገቱ ዝቅ ብሎ ይተኛል። አንገቱ ላይ በአግድም ካሉት ብረቶች፣ ከመቃኛው በኩል ጀምራችሁ 12ኛውን ቁጠሩ። ከብረቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ክላሲክ ላይ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ፍላሜንኮ ላይ 3 ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ። ታዲያ ይህቺን አንድ ሚሊ ማውረድ የእኛ የአናጺዎች ሥራ ነው። ከቀዳዳው በታች ክሩ የሚያርፍባት ነጭ አጥንት አለች። እሷን አውጥቶ ከታች በኩል በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። 12ኛው ብረት የክሩ መሃል ላይ ስለሆነ፣ እዚያ 1 ሚሊ ለማውረድ ከአጥንቷ 2 ሚሊ ይነሳል። አብዝቶ የፈገፈገ ሰው ክሩ ብረቱን እየነካ ዝዝ ይልበታል። ትንሽ ዝዝታ ግን ፍላሜንኮ ተጫዋቾች አይጠሉም፤ በገና የሰማ ሰው ይገባዋል።

ስለዚህ ልጁ ያገለገለ የናይለን ጊታር ይፈልግ። ያማሃ ሲ40ን የመሰለ ተራ የጀማሪ ጊታር ይበቃዋል። ሲመርጥ አንገቱን እንደ ጣውላ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቁመቱ ይመልከት። የተጣመመ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተወው፤ ያን እኔም አላቃናውም። ከዚያ የቀዳዳውን ጠርዝ ይይ። የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ጠርዙ ካለፈ ፊቱ አንድ ወጥ እንጨት ነው። እንደ ኮምፔንሳቶ ተደራርቦ ከታየ ድርብርብ ነው። ወጡ ድምፁ ይሻላል። ድርብርቡም ግን አይናቅም። ከደሴ ብርድ ወደ ባቲ ሙቀት ሲወርድ ቶሎ አይሰነጠቅም።

አንድ ነገር አደራ። የናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር አይወጠር። የብረት ክር እጥፍ ያህል ይስባል፤ የጊታሩ ፊት ደግሞ ስስ ነው። ባለፈው አንዲት ተማሪ ክሩ የታሰረበት እንጨት ከነልጣጩ ተገንጥሎባት መጣች። የሸጠላት ሰው «ድምፁ ይጎላል» ብሎ የብረት ክር ወጥሮላት ነበር። ልጅቷ ምን አጠፋች? ቦክስ ጊታር ሁሉ አንድ የሚመስላቸው ሻጮች ሞልተዋል። አንገቱ ሰፋ ያለ፣ መቃኛው ያለበት ራስ ሁለት ረጃጅም ክፍተት የወጣለት ከሆነ፣ ያ ባብዛኛው የናይለን ነው።

ፍላሜንኮ ላይ ጣት የጊታሩን ፊት ይመታል። ለዚህ የተሠራው ጊታር ቀዳዳው አጠገብ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። ርካሹ ላይ ይህ የለም። የመጽሐፍ መሸፈኛ የሚሆነው ተለጣፊ ላስቲክ ለጊዜው ይይዛል። ካፖም፣ ማለት አንገቱ ላይ ክሮቹን ጨብጦ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው መቆንጠጫ፣ ያስፈልገዋል፤ እሱን ከጓደኛ ቢዋስ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምለው የሰው አገር ሙዚቃ ስለምወድ ብቻ አይደለም። ወፍራሙን ክር ባዶውን ምቱት፤ ሚ ይላል። ከሚ ተነስታችሁ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብላችሁ ውጡ። አምባሰል ነው! አምስቱም ድምፆች ፍላሜንኮ ብዙ በሚጫወትበት የሚ ቅኝት ውስጥ አሉ። ፍላሜንኮ የሚጨምረው ሶልና ሬን ነው፤ አንዳንዴም ሶሉን ግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። ያቺ ከሚ ወደ ፋ ያለችው ጠባብ እርምጃ ለወሎ ልጅ ጆሮ እንግዳ አይደለችም። ከማድሪድ ልጅ ቀድሞ ቢይዛት አይገርመኝም።

እና ልጁን ታገስ አትበሉብኝ። ጊታሩን ሲያገኝ ይዞልኝ ይምጣ። አጥንቷን ለመፈግፈግ ገንዘብ አልቀበልም። ክሩን ግን ራሱ ይግዛ።

አናጺው፣
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ