መጀመሪያ የማይገነባበትን ቦታ የምንለየው ለምንድን ነው?

ለክቡራን ደንበኞቻችን፣

«የሎጁ ዲዛይን መቼ ይደርሳል?» ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው። መሬቱ በእጃችሁ ነው፣ የባንክ ወለድ ይቆጥራል፣ እኛ ግን ገና ጫካ ለጫካ እንዞራለን። ብትናደዱ አይገርመንም። ስለዚህ ምን እየሠራን እንደሆነ በግልጽ ልንነግራችሁ ወደድን።

በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ውስጥ ወይም አጠገቡ ሎጅ ስናቅድ የመጀመሪያው ካርታችን ላይ ሕንፃ የለም። ያለው የማይነካው ብቻ ነው። ምንጩ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ አውሬው ውሃ ሊጠጣ የሚወርድበት መንገድ፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ገደል፣ የመቃብር ቦታው፣ የአካባቢው ሰው የሚያከብረው ዛፍ። ይህ ሁሉ በአንድ ጉብኝት አይታይም። በበጋ ደረቅ ሜዳ የነበረው በክረምት ረግረግ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የዘገየነው ሁለቱንም ወቅት ማየት ስላለብን ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረው የሰውና ባዮስፌር (ሕይወት ያለበት የምድር ክፍል) ፕሮግራም የሚመዘግባቸውን ጥብቅ ቦታዎች በሦስት ቀጠና ይከፍላል። እምብርቱ በጥብቅ ይጠበቃል። በዙሪያው ያለው ቀጠና ተፈጥሮን የማይጎዳ ሥራ ብቻ ይፈቀድበታል። የውጪው ደግሞ ሰው የሚኖርበትና የሚያመርትበት ነው። መሬታችሁ በዚህ ስም ባይመዘገብም እኛ በዚሁ ሐሳብ እንከፍለዋለን። አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ መኪና ማቆሚያ እምብርቱ ውስጥ አይገቡም፤ እዚህ ላይ አንደራደርም።

«ኮረብታው ጫፍ ላይ ለምን አይሆንም? እይታው እኮ እዚያ ነው!» ትሉናላችሁ። ልክ ነው። ግን ጫፍ ላይ የተሠራ ቤት ከየአቅጣጫው ራሱ ይታያል። ውሃውን ወደ ላይ በፓምፕ መግፋት አለ፣ ሽቅብ መንገድ መቁረጥ አለ፣ የተቆረጠው መንገድ ደግሞ በክረምት ቦይ ይሆናል። እኛ የምንመርጠው ቀድሞ የተጎዳ መሬት ነው፤ የተተወ እርሻ፣ አሮጌ የድንጋይ ማውጫ። ወደ ጫፉ በእግር የሚያወጣ ቀጭን መንገድና አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረን የክፍል ብዛት ነው። የአዋጭነት ጥናታችሁ ስልሳ ክፍል ሊል ይችላል። የመጨረሻውን ቁጥር የሚወስነው ግን ውሃው ነው፤ ያውም በድርቁ ወር ያለው። ዛንዚባር አጠገብ ያለችው የቹምቤ ደሴት ጥሩ ምሳሌ ናት። የባሕር ጥብቅ ቦታዋ እ.ኤ.አ. በ1994 ታወጀ። ያሏት ቤቶች ሰባት ብቻ ናቸው። ጣሪያቸው የዝናብ ውሃ ይሰበስባል፣ ሽንት ቤታቸው ቆሻሻውን ያለ ውሃ ወደ ኮምፖስት (የአፈር ማዳበሪያ) ይቀይራል፣ የሻወር ውሃቸው በተክል መደብ ተጣርቶ ይወገዳል። የሚጠቀሙት ጣሪያቸው ያጠራቀመውን ውሃ ነው፤ ስልሳ ቢሆኑ ኖሮ ውሃ በጀልባ መጫን ሊያስፈልግ ይችል ነበር።

መብራትም እንደዚያው ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ ያለው የፌይናን ሎጅ ሶላር ይጠቀማል፤ ማታ ክፍሎቹን የሚያበራው ሻማ ነው። እንግዶቹም በዚህ አይማረሩም፣ እንዲያውም ለዚህ ብለው ይሄዳሉ። እናንተ ሻማ ግዴታ የለባችሁም። ነገር ግን ደብዛዛና ወደ ታች የሚያበራ አምፖል ስንመርጥ ስስት እንዳይመስላችሁ፤ ደማቅ ብርሃን ነፍሳትንና የሌሊት ወፎችን ያናውጣል።

ወደ ቅርሱ እንምጣ። ኮንክሪት ሠርቶ ላዩ ላይ ሣር መክደን ቅርስ መጠበቅ አይደለም፣ ጌጥ ነው። መሬታችሁ ላይ የቆየ የጭቃ ቤት ካለ ሲሚንቶ እንዳትለስኑት። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለበስበት እርጥበቱ ታፍኖ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል። ጭቃ በጭቃ፣ ካልሆነም በኖራ ይጠገናል። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ቤቱን የሠሩት ሰዎች ልጆች ናቸው። ኮንትራክተሩ በቀን ሠራተኛነት ሳይሆን በባለሙያነት እንዲቀጥራቸው ውሉ ላይ እናስገባለን።

ጭፈራና ሥነ ሥርዓትን በተመለከተ ለእንግዳ የሚታየውንና የማይታየውን የሚለየው የባህሉ ባለቤት የሆነው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። እኛም እናንተም አይደለንም። የሥነ ሥርዓቱን ሰዓት ለእራት ፕሮግራም ብለን ብናዛውረው በጥቂት ዓመት ውስጥ ትርዒት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ኬንያ ውስጥ የማሳይ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1996 የከፈተው የኢል ንግዌሲ ሎጅ የሚመሰገነው ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ስለሆነ ነው። እናንተ ሙሉ ባለቤትነት ባትሰጡም፣ የአካባቢው ሰዎች ድርሻ በወረቀት ይስፈር። የቃል ተስፋ ሎጁ ሲከፈት ይረሳል።

ይህ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ወጪ ይጨምራል፣ አንዋሽም። ነዳጅና ውሃ በየወሩ ማመላለሱን ግን ይቀንሳል።

የክረምቱ ቅኝት እንዳለቀ ካርታውን ይዘን እንመጣለን፤ ሜዳው ላይ አብረን ቆመን እንነጋገርበታለን። እስከዚያው አንድ ልመና አለን፦ «ቦታውን ላጽዳው» የሚል ሰው ቢመጣ ዶዘር አታስገቡለት።

ከሰላምታ ጋር
የዲዛይን ቡድኑ