ሁለት የጠመኔ መስመሮች፦ የጠረጴዛ ቴኒስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው በረንዳ ያለፈ ሰው ድምፃችንን ሳይሰማ አይቀርም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ልጆቹን ፒንግ ፖንግ እያስለመድክልን ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ፒንግ ፖንግ ሲባል ብዙ ወላጅ ዓይን ላይ የሚመጣው ሰፈር ውስጥ ከጆተኒው ጎን የቆመው ጠረጴዛ ነው። ከትምህርት የሚያስቀር፣ የዳቦ ሳንቲም የሚበላ። አውቃለሁ። እኔም ልጅ እያለሁ በእሱ ሰበብ ተገርፌያለሁ። ዘገባዬን እስክትጨርሱ ድረስ ግን ፍርዱን አቆዩልኝ።

መስከረም ላይ 34 ልጆች ተመዘገቡ። ራኬት 6 ነበረን፤ የሁለቱ ላስቲክ ተልጧል። ጠረጴዛ 1። እሱንም አምና አናጺ የሆኑ አንድ ወላጅ በቺፕውድ የሠሩልን ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ልኩ እንከን የለውም። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ74፣ ከፍታው 76 ሴንቲ ሜትር። ችግሩ ንጥረቱ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ጠረጴዛ ላይ ከ30 ሴንቲ የተለቀቀች ኳስ ወደ 23 ሴንቲ ትነጥራለች። የፊዚክስ መምህራችን ማስመሪያ ይዘው መጥተው ለኩልን። በቤተ መጻሕፍቱ በኩል 22 ሆነ። በመጸዳጃው በኩል 17። ልጆቹ ያንን ጎን «ሟቹ» ብለው ሰይመውታል። ሟቹ ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ ሳንቲም ሳይጣል ጨዋታ አይጀመርም።

ስብሰባ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ተደርጓል። ሊቀመንበር ተመርጧል፣ ደንብ ጸድቋል፣ ቃለ ጉባኤው ጸሐፊያችን ጋ አለ።

34 ልጅ በ1 ጠረጴዛ እንዴት ይማራል? ግማሹን ጊዜ ያለ ጠረጴዛ ነው የተማርነው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ኳስ በራኬት ማንጠር ነበር ሥራችን። መቶ በመዳፍ በኩል፣ መቶ በእጅ ጀርባ በኩል፣ ከዚያ እያፈራረቁ። ቀጥሎ ግድግዳ። ራኬት የሌለው ልጅ በደብተር ሽፋን እንቅስቃሴውን ይለማመዳል። ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ ክብደት ወደ እግር ጣት፣ ራኬቱ ሰው እንደሚጨብጡት ተጨብጦ። ጀማሪ ሁሉ ስማሽ ነው የሚያምረው። እኔ ደግሞ ስማሽ ከልክዬ ነበር። ሁለት ልጆች ኳሷን ሳይጥሉ 20 ጊዜ ካልተቀባበሉ በኃይል መምታት የለም። «ቲቸር፣ ይሄማ የአሮጊት ጨዋታ ነው» ያለኝ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ኅዳር ላይ 63 ቆጥሮ መጣ። ሽክርክሪቱን ለማሳየት የአንዷን ኳስ ግማሽ በማርከር አጠቆርናት። ስትሽከረከር ቀለሙ ይታያል፤ ሲቆረጥ ወዴት እንደምትዞር በዓይን ይለያል። በዚያች ኳስ የተማሩትን ያህል ከእኔ ማብራሪያ አልተማሩም።

አሁን ወደ የካቲት ልውሰዳችሁ።

ከከተማው ማዶ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ ተያዘልን። 8 ሆነን በታክሲ ሄድን። ሂሳቡን ከየት እንዳመጣሁት አልናገርም፤ የክበባት በጀት እንዳልነበረ ግን ይታወቅልኝ። እነሱ አዳራሽ አላቸው። ጠረጴዛቸው ሰማያዊ ነው፤ ሟች ጎን የለውም። ልጆቻችን ሲገቡ ድምፃቸው ጠፋ።

ከእኛ መካከል አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ስሟን አልጠራም፤ ታፍርብኛለች። ከሁሉም ቀድማ የምትመጣ፣ መረቡን የምትወጥር ልጅ ናት። እኛ በረንዳ ላይ ነፋስ አለ። ኳስ ወደ ላይ ከተወረወረች ነፋሱ ይወስዳታል። ስለዚህ ልጆቹ ሰርቪስ ሲመቱ ዝቅ አድርገው፣ ከጣት ላይ ሾልካ እንድትወጣ ማድረግ ለመዱ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሕጉ ኳሷ ከተዘረጋ መዳፍ ተነሥታ፣ ቀጥ ብላ፣ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለባት ይላል።

ዳኛው መጀመሪያ አስጠነቀቃት። ሁለተኛ ጊዜ ነጥቡን ለተጋጣሚዋ ሰጠ። ሦስተኛም፣ አራተኛም። የመጀመሪያው ጨዋታ 11 ለ 4 አለቀ። በሁለተኛው ኳሷን ወደ ላይ ወረወረቻት። ከፍ ከማለቷ የተነሣ ራኬቷ አየር መታ፤ አዳራሹ ሳቀ። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ምን እንደምላት አላወቅኩም። ራሷ ኳሷን አንሥታ፣ መዳፏን እንደ ለማኝ ዘርግታ፣ እንደገና ወረወረች። 11 ለ 9 ተሸነፈች።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ማንም አላወራም። እሷ ግን መዳፏን ዘርግታ ኳሷን ወደ ላይ ትወረውራለች፣ ትቀበላለች። ትወረውራለች፣ ትቀበላለች። ረዳቱ ትንሽ አይቷት «የኳሷም ሂሳብ ይከፈል!» አለ። ያኔ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ እሷም ጭምር።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ስደርስ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ተሰምሯል። በመካከላቸው 16 ሴንቲ ሜትር። መዳፏን ከታችኛው መስመር ትይዩ አድርጋ ከላይኛው በላይ ትወረውራለች። ረጃጅሞቹ ልጆች በየቁመታቸው የየራሳቸውን አሰመሩ። አሁን ግድግዳው የልጅ ቁመት የተለካበት የሳሎን ግድግዳ መስሏል። መጋቢት ላይ እዚያው አዳራሽ ተመልሰን ስንጋጠም አንድም ሰርቪሷ አልተያዘባትም። ተሸንፋለች፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ኪሳራው ባጭሩ። በ24 ኳስ ጀምረን ጥር ላይ 5 ቀሩን። የተጎደጎደች ኳስ ሙቅ ውኃ ውስጥ ስትገባ ተመልሳ ትነፋለች። የመምህራን ሻይ ቤት እናታችን ማንቆርቆሪያቸውን ሳይሰስቱ ስለሰጡን እናመሰግናለን። የተሰነጠቀች ኳስ ግን መድኃኒት የላትም። የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ በረንዳው ጣሪያ በሚያፈስበት በኩል ገብቶ ቺፕውዱን አሳበጠው። ሟቹ ጎን አሁን ተቀብሯል ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ በግማሽ ጠረጴዛ ነው የምንጫወተው።

ለእግር ኳስ ክበብ ዘንድሮ አዲስ መለያና አዲስ የጎል መረብ ተገዝቷል። አልቀናም። ትንሽ ግን እቀናለሁ። የእኛ ጥያቄ ያን ያህል አይከብድም። ዝናብ የማይፈታው የሲሚንቶ ጠረጴዛ እንፈልጋለን። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ጥቂት ፌሮ፤ ከዚያ ላዩን በደንብ አድርጎ የሚያለሰልስ አንድ ግንበኛ ወላጅ። ጉልበቱን ልጆቹ ይሸፍናሉ። ናይጄሪያዊው ኳድሪ አሩና በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሎምፒክ፣ ግብፃዊው ኦማር አሳር በቶኪዮ ሩብ ፍጻሜ ደርሰዋል። ሁለቱም ከዚችው አህጉር ናቸው። ይህን ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ስነግር አንድ አባል «ታዲያ እነሱ በሟች ጠረጴዛ ነው የተማሩት?» አሉኝ። አላውቅም፤ ጥያቄው ግን ለእኔ ድጋፍ ሆኖ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ራኬት ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለውም ይምጣ። በክረምቱ ግድግዳዎቹ ቀለም እንደሚቀቡ ሰምቻለሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ሲደርስ ቀቢዎቹ አንዴ ቢያስጠሩኝ።